«የሕፃን ማባበያ» ላሉን ወንድማችን

ባለፈው እትም አንድ ጸሐፊ ወንድማችን የጃፓንን ማንጋና አኒሜ «የሕፃን ማባበያ» ብሎ በሁለት ገጽ ድራሻቸውን አጥፍቷል። ክሱ አጭር ነው። ጀግናው ተደብድቦ ይወድቃል፣ ጓደኞቹ ትዝ ይሉታል፣ ብድግ ይላል፣ ያሸንፋል። ጓደኝነት እንደ ኪኒን ተውጦ ጉልበት ይሆናል፤ በቃ። ዝም ብለን ልናልፈው ነበር። ግን ጽሑፉን ያነበበ ሁሉ ዶርም ለዶርም እየዞረ ሲስቅብን ጊዜ መልስ መስጠት ግድ ሆነብን።

እውነት ያለበትን እንመን። «ሾነን ጃምፕ» የተባለው ሳምንታዊ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1968 ተመሠረተ፤ በ1995 አንዱ እትሙ ከ6 ሚሊዮን ተኩል ቅጂ በላይ ታትሟል። መፈክሩ ሦስት ቃል ነው፦ ጓደኝነት፣ ጥረት፣ ድል። አንባቢው በፖስታ ካርድ ድምፁን ይሰጣል፤ ድምፅ ያጣ ታሪክ ይቋረጣል። እንግዲህ እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ ጓደኝነት የድል አሽከር ሆኖ ቢገኝ ምን ይገርማል? ማሳሺ ኪሺሞቶ ከ1999 እስከ 2014 የሣለውን «ናሩቶ»ን እንውሰድ። ጥሎት የሄደ ጓደኛውን ዓመታት ሙሉ የሚያሳድድ ልጅ ታሪክ ነው። መጨረሻ ላይ ሁለቱም አንድ አንድ እጃቸውን እስኪያጡ ይፋለማሉ። ከመካከላችን በዚህ ያለቀሱ አሉ (ስም አንጠራም)። እኛ ግን በአብላጫ ድምፅ የወሰንነው ይህ ጓደኝነት ሳይሆን እልህ ነው ብለን ነው። ሦስተኛዋ ጓደኛቸው ሳኩራ እኮ በዚያ ፍልሚያ ውስጥ ቦታ እንኳ የላትም!

እስከዚህ ከወንድማችን ጋር ነን። ከዚህ ወዲያ ግን እንለያያለን፤ ምክንያቱም እሱ ያየው ድሉን ብቻ ነው፣ ከድሉ በፊት የሆነውን አላየም። በኤይቺሮ ኦዳ «ዋን ፒስ» ውስጥ ናሚ የምትባል ልጅ ጓዶቿን ከድታ መርከባቸውን ይዛ ትጠፋለች። ለካ መንደሯን ከወንበዴ መልሳ ለመግዛት 100 ሚሊዮን ቤሪ ስታጠራቅም ነው የኖረችው። እህቷ ይህን ልትነግራቸው ስትጀምር ሉፊ አልሰማም ብሎ ላሽ ይላል። ያለፈ ታሪኳ ጉዳዩ አይደለም። ኋላ ናሚ እርዳኝ ስትለው፣ ሰው የማያስነካትን የገለባ ባርኔጣውን ጭንቅላቷ ላይ ያደርግላትና ወደ ጠቡ ይሄዳል። ልብ በሉ፤ ማስረጃ አልጠየቀም። የማን ልጅ ነሽ፣ ከወዴት ነሽ አላለም። እኛስ አዲስ ልጅ ዶርም ሲገባ፣ ገና ሻንጣውን ሳያሳርፍ የምንጠይቀው ምንድን ነው? እናንተው መልሱት። ጃፓኖች እንዲህ ያለውን ባልንጀራ «ናካማ» ይሉታል፤ በአንድ ሥራ፣ በአንድ ጉዳይ የተሳሰረ ማለት ነው።

ይህም አልበቃ ካለው ድል የሌለበትን እንስጠው። «ኮኤ ኖ ካታቺ»ን ዮሺቶኪ ኦይማ በማንጋ ሠራችው፣ ናኦኮ ያማዳ በ2016 ፊልም አደረገችው። ኢሺዳ የተባለ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ መስማት የተሳናትን ኒሺሚያን መከራ ያበላታል፤ የመስሚያ መርጃዋን እየነጠቀ ይወረውራል። ክፍሉ ይስቃል። ርዕሰ መምህሩ ገብቶ የጠየቀ ቀን ግን አብረው የሳቁት ሁሉ ጣታቸውን እሱ ላይ ይቀስራሉ፤ ተረኛው ተገፊ እሱ ይሆናል። ካደገም በኋላ የሰው ፊት ቀና ብሎ ማየት አይችልም፤ ፊልሙ በየሰዉ ፊት ላይ የኤክስ ምልክት ለጥፎ ያሳየናል። አንድ ቀን ናጋትሱካ የሚባል አጭር ወፍራም ልጅ ብስክሌቱን ሊቀሙት ሲሉ ኢሺዳ የራሱን ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ከናጋትሱካ ፊት ላይ ያ ኤክስ ተላቆ ይወድቃል። ፉከራ የለ፣ ጠላት የለ። ኢሺዳ የምልክት ቋንቋ ተምሮ ኒሺሚያ ዘንድ ሲሄድም ይቅር እንደምትለው ዋስትና አልነበረውም። ማን ይሙት፣ እዚህ ውስጥ ማን ማንን አሸነፈ?

ፊልሙን አሥር ሆነን በአንድ ላፕቶፕ ስናየው፣ ርዕሰ መምህሩ የገባበት ቦታ ላይ ሲደርስ ያ ሁሉ ለፍላፊ ጸጥ አለ። ለካ ሁላችንም አንድ አንድ ልጅ ነበረን፤ አብረን የሳቅንበት፣ ኋላ «እኔ የለሁበትም» ያልንበት።

ወንድማችን ማባበያ ያለው ይህንን ከሆነ፣ እኛስ አልተባበልንም። ፊልሙ በፍላሽ አለን፤ ሐሙስ ማታ ከራት በኋላ ደግመን እናየዋለን። ይምጣ፤ ወንበር ግን ይዞ ይምጣ።