ቋንቋችን፦ «መጣ» ሲባል «መታ» እንዳይሰማ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሮተርዳም ውስጥ ባለ አንድ የኢትዮጵያውያን ቤት እንደ ወትሮው ወደ አዲስ አበባ ስልክ ተደውሎ ቤተሰቡ በየተራ ሰላምታ ይለዋወጣል። ተራው የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ዘንድ ደረሰ። ልክ በዚያው ሰዓት አባቷ ከሥራ ገቡ። ልጅቱም ለአያቷ የምሥራቹን ለመንገር ተጣደፈችና፣ «እማማ፣ አባዬ መታ!» አለች። ከወዲያ ማዶ ለጥቂት ጊዜ ድምፅ ጠፋ። ቀጥሎ አያቲቱ፣ «ማንን ነው የመታው? አንቺን ነው ልጄ?» ሲሉ በድንጋጤ ጠየቁ። ልጅቱም፣ «አዎ፣ አሁን መታ» ብላ በደስታ አረጋገጠችላቸው። አባትየው ስልኩን ተቀብለው ነገሩን እስኪያስረዱ ድረስ አሮጊቷ ያሳለፉት ጭንቀት ቀላል አልነበረም።

እንዲህ ያለው ነገር በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምም ሆነ በዴን ሃግ ልጅ ለሚያሳድግ ወገን እንግዳ አይደለም። ብዙ ጊዜ ተስቆበት ይታለፋል። ቆም ብሎ ላስተዋለው ግን ልጅቱ ቃል አልጠፋትም፤ ሰዋስውም አልተሳሳተችም። ግሡን በትክክለኛው ጊዜና በትክክለኛው ባለቤት ተጠቅማበታለች። የጎደላት አንድ ድምፅ ብቻ ነው።

የሥነ ልሳን ምሁራን ቋንቋን እንደ ቤት ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ደረጃ በደረጃ ይመለከቱታል። መሠረቱ ድምፅ ነው። ድምፆች ሲቀናጁ ትርጉም ያለውን ትንሹን የቋንቋ ክፍል፣ ማለትም ምዕላድን ይሰጣሉ። «ቤቶች» በሚለው ቃል ውስጥ «ቤት» አንድ ምዕላድ ሲሆን ብዛትን የሚያሳየው «-ኦች» ሌላ ምዕላድ ነው። ምዕላዶች ቃልን፣ ቃላት ሐረግን፣ ሐረጎች ደግሞ ዐረፍተ ነገርን ይመሠርታሉ። ፕሮፌሰር ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም ባሳተሙት «የአማርኛ ሰዋስው» አማካይነት ይህ ዓይነቱ ትንታኔ በራሱ በአማርኛ ለአንባቢ ቀርቧል። ድምፅ ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ትርጉምን ግን ይለያል። «ጠ» በ«ተ» ሲተካ መምጣት ምት ይሆናል። ምሁራኑ እንዲህ ትርጉም የሚለየውን ድምፅ ፎኒም ይሉታል።

እዚህ ላይ አማርኛ ከደችኛ የሚለይበት የመጀመሪያው ጉዳይ ይመጣል። «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ»፣ «ጸ» እና «ጰ» ፈንጂ ድምፆች ይባላሉ። ተናጋሪው አፉ ውስጥ ባለው መዝጊያ፣ ለምሳሌ በ«ጠ» ጊዜ በምላሱ ጫፍ፣ አየሩን ያግዳል። በዚያው ቅጽበት ጉሮሮው ውስጥ ያሉት የድምፅ አውታሮች ይዘጋሉ። ማንቁርቱ ወደ ላይ ከፍ ሲል በሁለቱ መዝጊያዎች መካከል የታሰረው አየር ይታመቃል፤ የፊተኛው መዝጊያ ሲከፈት ድምፁ ፈንድቶ ይወጣል። ትግርኛና ኦሮምኛም እነዚህን የመሰሉ ድምፆች አሏቸው፤ ከአገር ውጭም ጆርጂያኛን የመሳሰሉ ቋንቋዎች ይጠቀሙባቸዋል። ደችኛ ግን ፈንጂ ድምፅ የለውም። በመሆኑም ቀኑን ሙሉ በደችኛ ተምሮና ተጫውቶ የሚገባ ልጅ «ጠ»ን በሚያውቀው በቅርቡ ድምፅ በ«ተ»፣ «ቀ»ንም በ«ከ» ይተካዋል። ውጤቱ ቀላል አይደለም። «ጥል» «ትል» ይሆናል። «ቀበረ» የሚለው «ከበረ» ይሆንና ሐዘንተኛው ባለጸጋ መስሎ ይሰማል።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህም የረቀቀ ነው፤ እርሱም መጥበቅና መላላት ነው። «አለ» ላልቶ ሲነገር ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነገር መኖርን ያመለክታል። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። «ዋና» ላልቶ ውኃ ውስጥ የሚደረገው ነው፤ ጠብቆ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ነው። «ሰፊ» ላልቶ ልብስ የሚሰፋው ባለሙያ ሲሆን ጠብቆ የጠባብ ተቃራኒ ነው። «ይመታል» የሚለውም እንደ አጠባበቁ መቺውን ወይም ተመቺውን ሊያመለክት ይችላል። የቅኔና የጨዋታ ሰምና ወርቅ ብዙ ጊዜ የሚሸሸገው በዚሁ መጥበቅና መላላት ውስጥ ነው። ይህን የማይሰማ ጆሮ ቋንቋውን ቢያውቅም ለዛው ያመልጠዋል።

ይህ ለሆላንድ ልጅ የሚከብድበት የራሱ ምክንያት አለው። ልጁ ትምህርት ቤት ድርብ ፊደል መጻፍ ይማራል። ነገር ግን በደችኛ ድርብ ተነባቢ የሚጻፈው ተነባቢው ጠብቆ እንዲነበብ አይደለም፤ ከፊቱ ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ለማሳየት ነው። ዛፎችና ቦምቦች የሚባሉት ሁለት ቃላት በጽሑፍ የሚለዩት በአንድና በሁለት «ም» ነው፤ ሲነገሩ ግን ልዩነቱ ያለው «ም»ዋ ላይ ሳይሆን ከፊቷ ባለው አናባቢ ላይ ነው። አማርኛ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ድምፁ ድርብ ሲሆን ፊደሉ ነጠላ ነው። ስለዚህ ልጁ «ገና»ን ከወረቀት ላይ ሲያነብ የትኛው ገና እንደሆነ ፊደሉ አይነግረውም።

ይህን ጉድለት ያስተዋሉ አልጠፉም። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ በሚጠብቁት ፊደላት አናት ነጥብ አድርገው ነበር፤ ልማዱ ግን አልተስፋፋም። የኦሮምኛው ቁቤ በበኩሉ ጠብቆ የሚነገረውን ተነባቢ ደርቦ ይጽፋል። አማርኛ አንባቢ ግን እስከ ዛሬ የሚተማመነው በጆሮው ነው፤ ቃሉን ቀድሞ ሰምቶት ስለሚያውቅ ያነበዋል እንጂ ወረቀቱ አሳይቶት አይደለም።

በስደት ላይ ያለው የወላጆች ጥረት የሚደናቀፈውም እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች የፊደል ገበታ ከአገር ቤት አስመጥተው ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ። ቅዳሜና እሑድ ልጆችን ሰብስበው «ሀ ሁ ሂ» ያስቆጥራሉ። ይህ የሚመሰገን ነው። ሆኖም «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» የትኛው የት ይጻፍ፣ «ንጉሥ» በየትኛው «ስ» ይሁን በሚል ክርክር የሚጠፋው ጊዜ ጥቂት አይደለም። እነዚህ ፊደላት በግዕዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ ትግርኛም የ«ሐ»ን እና የ«ዐ»ን ድምፅ እስከ ዛሬ ይዞ ቆይቷል። በአማርኛ ግን ድምፃቸው ተቀላቅሏልና ልጁ ቢያሳስታቸው አያቱ በስልክ አይደነግጡም። የሚደነግጡት «ጠ» ሲጠፋ ነው። ፊደልን ከድምፅ ማስቀደም ቤትን ከጣሪያው እንደ መጀመር ይቆጠራል።

የቀድሞ ሊቃውንትም ይህን ያውቁት ነበር። እዚሁ ሆላንድ፣ ላይደን ከተማ ጭምር የተማረው ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጻሕፍት መማር ጀምሮ ነበር። ነገር ግን መጽሐፉ አልበቃውም። ሮም ላይ የተዋወቃቸውን ኢትዮጵያዊውን አባ ጎርጎርዮስን በ1652 እ.ኤ.አ. ወደ ጎታ ከተማ አስመጥቶ ከአንደበታቸው ተማረ። በ1698 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው መሠረት የእኚሁ መነኩሴ ትምህርት ነው። ሉዶልፍን የሚያህል ሊቅ ሕያው አንደበት ካስፈለገው ለሕፃን ልጅ እንዴት አያስፈልገው!

ጊዜውም ይሮጣል። ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ እንግሊዝኛ በሚነገርበት ቤት የሚያድጉ የስድስትና የስምንት ወር ሕፃናት ሰምተዋቸው የማያውቁ የባዕድ ቋንቋ ድምፆችን ለይተው ይሰሙ ነበር። ከእነዚያ ድምፆች መካከል የካናዳ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ፈንጂ ድምፆች ይገኙባቸዋል። ሕፃናቱ ዓመት ሲሞላቸው ግን ይህ ችሎታቸው በእጅጉ ቀንሶ ተገኘ። ጆሮ ዘወትር በሚሰማው ይቀረጻልና።

ይህ ማለት ግን በሩ ተዘግቷል ማለት አይደለም። ተስፋ የሚሰጠው ማስረጃ የተገኘውም ከዚሁ ከሆላንድ ነው። ጂዩን ቾይ፣ ሚርያም ብሩርስማ እና አን ካትለር በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ኮሪያ ተወልደው በልጅነታቸው በማደጎ ወደ ሆላንድ የመጡ 29 ጎልማሶችን ይመለከታል። የትውልድ ቋንቋቸውን ረስተውታል። ኮሪያኛ ለ«ተ» የሚቀራረቡ ሦስት ድምፆች አሉት፤ ደችኛ እነዚህን አይለይም። ሁለት ሳምንት ያህል ሲለማመዱ ግን እነዚህ ሰዎች ኮሪያኛ ሰምተው ከማያውቁ ደቾች ይልቅ ድምፆቹን አጥርተው ተናገሩ። ስድስት ወር ሳይሞላቸው የመጡትም ከአሥራ ሰባት ወር በኋላ የመጡትም እኩል ተጠቀሙ። ወላጅ በጨቅላው ጆሮ ያኖረው ድምፅ ተቀበረ እንጂ አልሞተም።

የሆላንድ መንግሥት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለስደተኞች ልጆች የቤት ቋንቋ ትምህርት ይመድብ የነበረውን ገንዘብ በ2004 እ.ኤ.አ. አቁሟል። ስለሆነም ኃላፊነቱ በወላጅና በማኅበረሰቡ ጫንቃ ላይ ነው። ሥራው ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ልጁ እጁን ማንቁርቱ ላይ አድርጎ «ተ»ን እና «ጠ»ን ቢያፈራርቅ ልዩነቱ በጣቱ ይሰማዋል። ትንፋሹን ይዞ «ጥ» ማለት እንደሚችል ቢያሳዩት ጨዋታ ይሆንለታል። «ገና ነው» እና «ገና ነው» እያሉ አንዱን በማጥበቅ፣ ሌላውን በማላላት «የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅም እራት እስኪቀርብ የሚደረግ ነው። ከሁሉ በላይ አያት በስልክ የሚያወጉት ተረት ከማናቸውም ገበታ ይበልጣል።

አንድ ነገር ብቻ መቅረት አለበት፤ እርሱም ሳቅ ነው። ልጅ ሲስቁበት አማርኛውን ትቶ ወደ ደችኛው ይሸሻል። ወላጅም ቢሆን በደችኛ ሰውየውንና ጨረቃን የሚለየውን የአናባቢ እጥረትና ርዝመት ስንቴ አምታቶ በገዛ ልጁ ታርሟል! ልጅ አባቱን ካረመ አባትም ልጁን በትዕግሥት ቢያርም ውለታ መመለስ ነው። አበው «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት ያለ ነገር አይደለም። በሚቀጥለው እሑድ ስልኩ ሲደወል አዲስ አበባ ያሉት አሮጊት «አባዬ መጣ» የሚለውን አጥርተው ቢሰሙ ለቤተሰቡ ትልቅ ደስታ ነው።