ለሸራ ወጥተው ካሊፐር የሚገዙ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ የመኪና ዕቃ በብር ሲተመን ዋጋው አሻቅቧል። በዚህ የተነሳ ባለመኪናው ከጋራዥ ወጪ ለመዳን ሲል ክሪኩንና መፍቻውን ይዞ በግቢው ውስጥ የፍሬን ሸራ ቢለውጥ የሚያስወቅሰው አይደለም። የሚያስወቅሰው የኋላውን ሥራ ከፊቱ ጋር አንድ አድርጎ ማየቱ ነው።

የፊት ዲስክ ፍሬን ለጀማሪም ብዙ አያስቸግርም። አዲሱ ሸራ ከአሮጌው ስለሚወፍር ወደ ውጭ የወጣው ፒስተን ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ለዚህም የአናጢ ሞርሳ ይበቃል፤ ቀስ ተብሎ ሲጠብቅ ፒስተኑ ይገባል። የአዲስ አበባ መካኒክም እጁን ያፍታታው በዚሁ ነው። አብዛኞቹ ቪትዞች ከኋላ ታምቡር ነው ያላቸው። ፕራዶም ቢሆን የእጅ ፍሬኑ የሚሠራው በኋላ ዲስኩ መሀል በተሸሸገ ትንሽ ታምቡር ስለሆነ ፒስተኑ እንደ ፊቱ ተገፍቶ ይገባል።

ጣጣው ያለው የእጅ ፍሬኑ እዚያው የኋላ ካሊፐር ውስጥ በተሠራባቸው መኪኖች ላይ ነው። አራተኛው ትውልድ ጎልፍ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በፒስተኑ ውስጥ እንደ ብሎን ጥርስ ያለው ዘንግ ይገኛል፤ ሸራው እየሳሳ ሲሄድ በዚህ ዘንግ አማካይነት ክፍተቱ ራሱን በራሱ ያስተካክላል። ስለዚህ ፒስተኑ ሲመለስ እየተጫኑ ማዞርን ይፈልጋል። አብዛኛው በሰዓት አዟዟር ይገባል፤ በአንዳንድ መኪና ግን የአንደኛው ጎን ካሊፐር በተቃራኒው ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ሞርሳውን ያጠብቃል፣ እምቢ ሲለው አብዝቶ ያጠብቃል፣ በመጨረሻ ማስተካከያው ይሰበራል። የሸራ ሂሳብ የነበረው ያን ጊዜ የካሊፐር ሂሳብ ይሆናል።

በፒንሳ አፍ ይዞ የሚያዞርም አይጠፋም። እርሱም ቢሆን የአቧራ መከላከያውን ጎማ ቀድዶ ውሃና ጭቃ ያስገባና ፒስተኑን ለዝገት ይዳርገዋል። ለሥራው የተበጀው መሣሪያ በፒስተኑ ፊት ላይ ባሉት ጎድጓዳዎች ገብቶ እየገፋ የሚያዞር ነው። ከማዞሩ በፊት የእጅ ፍሬኑ ይለቀቃል፤ የፍሬን ዘይቱ ዕቃም ይታያል፤ ፒስተኑ ሲገባ ዘይቱ ወደ ላይ ተመልሶ ቢፈስ የመኪናውን ቀለም ይበላልና። በአንዳንድ ሞዴል ደግሞ በሸራው ጀርባ ያለችው እሾህ በፒስተኑ ጎድጓዳ ውስጥ ካልተቀመጠች ሸራው ተንጋዶ ይበላል። ሥራው ሲያልቅ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠጥር ደጋግሞ መረገጥ አለበት። ይህን የዘነጋ የመጀመሪያውን ፍሬን የሚይዘው በግቢው በር ላይ ይሆናል።

ጉዳዩ የመኪና ደላላውንም ይነካል። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የአሮጌ መኪና ገበያን የመረጠው ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ስለማያውቅ ነበር። ለዚህም ሥራው በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። በሞርሳ የተሰበረ ካሊፐር ለዚህ የሚስማማ ነገር ነው፤ ከውጭ ሲታይ አዲስ ሸራ የገባለት ፍሬን ይመስላል። የእጅ ፍሬኑ ዘንግ ከልክ በላይ ወደ ላይ የሚሳብ ከሆነ፣ ወይም ከአጭር ጉዞ በኋላ አንደኛው የኋላ ጎማ ብቻ የሚግል ከሆነ፣ ደላላው ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ጎማውን አስፈትቶ ቢያይ ኪሳራ የለበትም።

የመለዋወጫ ነጋዴውስ? በአሜሪካ ኦቶዞንን የመሳሰሉ መደብሮች ይህን መሣሪያ በመያዣ ገንዘብ ያውሳሉ፤ ዕቃው ሲመለስ ገንዘቡም ይመለሳል። ጽድቅ ፍለጋ አይደለም፤ መሣሪያውን የተዋሰ ሸራውንም እዚያው ይገዛል። በሶማሌ ተራ ይህን የሚሞክር ነጋዴ ደንበኛ ያተርፋል እንጂ አይከስርም። ካሊፐር በመሰበሩ ካሊፐር እሸጣለሁ የሚል ካለ፣ የተሰበረበት ሰው ወደ ጎረቤት ሱቅ ሊሄድ እንደሚችል አላሰበም።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። በብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች የእጅ ፍሬኑን የሚስበው ካሊፐሩ ላይ የተገጠመ ትንሽ ሞተር ነው። ሞተሩ በስካነር ወይም አምራቹ ባስቀመጠው ሥርዓት ወደ ጥገና ሁኔታ ሳይመለስ ፒስተኑን የሚገፋ ሰው የሞተሩን ጥርስ ይሰብራል፤ ጣቱንም ሊያስይዝ ይችላል። በእርግጥ እነዚህ መኪኖች ሲቀዘቅዙ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ስለሚመልሱ ሸራቸው ብዙ ይቆያል፤ ለሸራ ነጋዴ የሚያስደስት ዜና ባይሆንም። ነጋዴው ስካነር ላውስ ቢል መያዣው ከሸራው ዋጋ ብዙ እጥፍ መሆኑ አይቀርም። ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ስካነር ያለው ጋራዥ የሚጠይቀው የእጅ ዋጋ ሳይረክስ አይቀርም።