ድምፁ የማን ነው?

በማኅበራችን የዳንስ ምሽት «ራይድ ኦን ታይም» ሲጀመር ከወንበሩ የማይነሣ ተማሪ ጥቂት ነው። ግን ያ ጣራ የሚነቅል ድምፅ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ባለድምፅዋ ሎሊያታ ሆሎዌይ ናት፤ በቺካጎ ከእናቷ ጋር በቤተ ክርስቲያን እየዘመረች ያደገች ጥቁር አሜሪካዊት። እ.ኤ.አ. በ1980 ዳን ሃርትማን የደረሰውን «ላቭ ሴንሴሽን» ዘፈነች። ራሷ እንዳወሳችው፣ ድምፅዋ እስኪሻክር ድረስ ደጋግሞ አዘፍኗታል። በ1989 «ብላክ ቦክስ» የተባሉ ጣሊያኖች ያንኑ ድምፅ ከሸክላው ቆርጠው በራሳቸው ሙዚቃ ላይ ለጠፉት። ዘፈኑ በእንግሊዝ አገር 6 ሳምንት አንደኛ ሆነ። በቴሌቪዥን የታየችው ግን ሆሎዌይ አይደለችም፤ ከንፈሯን ብቻ የምታንቀሳቅስ አንዲት ቀጭን ሞዴል ናት።

«ሸክላው የኩባንያው ንብረት ነው፤ እርሷም ዋጋዋን ተቀብላለች» የሚሉ የሕግ ተማሪዎች አይጠፉም። በወረቀት ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን የሸማኔውን ጥበብ ገዝቶ መልበስና «እኔ ሸመንሁት» ማለት አንድ ነውን? ጉዳዩ በጠበቆች በኩል በገንዘብ አለቀ። በ1991 የወጣው «ጉድ ቫይብሬሽንስ» ድምፅዋን ሲወስድ ስሟንም አብሮ ጻፈ፤ በአሜሪካ አንደኛ ከመሆን ግን አላገደውም።

ሆሎዌይ በ2011 በ64 ዓመቷ ዐረፈች። የዳንሱ ኮሚቴ በሚቀጥለው ምሽት «ላቭ ሴንሴሽን»ን ራሱን ቢያሰማን፣ በግድግዳ በሚለጥፈው የዘፈን ዝርዝር ላይም ስሟን ቢጽፍ ምን ይከብደዋል?