ጥሩ ፌዘኛ በደንብ ያነበበ ነው

ፓሮዲ፣ ማለትም አንድን ታዋቂ ድርሰት አስመስሎ እየጻፈ አንባቢን የሚያስቅ ሥራ፣ ብዙ ጊዜ እንደ ተራ ፌዝ ይቆጠራል። የዋናው ድርሰት ወዳጆች «ክብሩ ተነካ» ይላሉ፤ ሃያስያን ቁም ነገር የለውም ብለው ያልፉታል፤ አሳታሚዎች ደግሞ ጠበቃ ያማክራሉ። ሦስቱም የሳቱት ነገር አንድ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥሩ ፓሮዲ ከሂስ ዓይነቶች ሁሉ ጥብቅ ንባብ የሚጠይቀው ነው። አንድን መጽሐፍ ወድጄዋለሁ ለማለት ታሪኩን መከተል ይበቃል። አስመስሎ ለመጻፍ ግን ደራሲው ምዕራፉን በምን እንደሚከፍት፣ ትረካውን የት እንደሚያዘገየው፣ ጀግናውን ከጭንቅ በምን ዘዴ እንደሚያወጣው ለይቶ ማወቅ ግድ ይላል። ይህ በየትኛውም የድርሰት ዘርፍ እውነት ቢሆንም፣ ጠንቋይ፣ ዘንዶና አስማተኛ ቀለበት በሞሉበት በፋንታሲ ልብወለድ ላይ ግን ጎልቶ ይታያል። ፋንታሲ ዓለሙን ከመሠረቱ የሚገነባ ስለሆነ ግንባታው የሳሳበትን ቦታ ማየት ቀላል አይደለም፤ ዓይን ይፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ የወጣውን አንድ መጽሐፍ እንመልከት። የጄ. አር. አር. ቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ እንግሊዝ አገር ታትሞ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የገነነው ግን ከ1965 ወዲህ፣ በርካሽ የወረቀት ሽፋን ታትሞ በየዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች እጅ ከገባ በኋላ ነው። ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች የቀልድ መጽሔት ከ«ሃርቫርድ ላምፑን» የወጡት ሄንሪ ቢርድና ዳግላስ ኬኒ ያንን ከሺህ ገጽ የሚበልጥ ታሪክ በአንድ ቀጭን መጽሐፍ ጨምቀው፣ በቀለበቶቹ መሰልቸትን የሚናገር ርዕስ ሰጡት። ትንሹ ጀግና ፍሮዶ ፍሪቶ ተባለ፤ ጠቢቡ ጋንዳልፍም ጉድገልፍ። አንዱ ስም የተወሰደው በከረጢት ከሚሸጥ የበቆሎ ጥብስ ነው፤ ሌላው ከነዳጅ ማደያ። መጽሐፉን በስም የሚያውቁት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውሱት ይህንኑ የስም ጨዋታ ነው። የሁለቱ ወጣቶች ችሎታ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ቶልኪን ታሪኩን ከመጀመሩ በፊት ሆቢት ስለሚባሉት ትንንሽ ፍጡራን ረጅም መቅድም ይጽፋል፤ አመጣጣቸውን፣ አስተዳደራቸውን፣ የሚያጨሱትን ቅጠል ሳይቀር እንደ ታሪክ ተመራማሪ ይዘረዝራል። ፓሮዲው መቅድሙን አልዘለለውም። ያንኑ የምሁር ድምፅ፣ ያንኑ የተረጋጋ አካሄድ ይዞ ስለ ራሱ ፍጡራን ያትታል። ካርታውም አለ፤ መዝሙሮቹም አሉ፤ ለማንበብ የሚያስቸግሩት የቦታ ስሞችም አልቀሩም። ይህን ሁሉ ለማስመሰል መጽሐፉን አንድ ጊዜ ማገላበጥ አይበቃም።

ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ የንስሮቹ ጉዳይ ነው። በቶልኪን ታሪኮች ውስጥ ጀግኖቹ መውጫ ሲያጡ ግዙፍ ንስሮች ከሰማይ ይደርሱላቸዋል። በ1937 በወጣው «ዘ ሆቢት» ላይ ቢልቦንና ጓደኞቹን በእሳት ከተከበቡበት ዛፍ ላይ ያነሷቸዋል። በ«የቀለበቶቹ ጌታ» ውስጥ ጋንዳልፍን ከታሰረበት ግንብ ያወጡታል፤ በመጨረሻም ፍሮዶንና ሳምን እሳተ ገሞራ ከሚተፋው ተራራ ሥር ያድኗቸዋል። በፓሮዲው ውስጥ በዚያው የመጨረሻ ሰዓት የሚደርሰው ንስር እንደ መንገደኛ አውሮፕላን የሚያገለግል ነው፤ በአካሉ ላይም የአየር መንገዱ ስም ተጽፏል። ስሙ ደግሞ በጥንታዊው የግሪክ ቲያትር፣ ታሪኩ መፍትሔ ሲያጣ በመሣሪያ ተንጠልጥሎ ወደ መድረክ የሚወርደውን አምላክ የሚያስታውስ ነው። በአንድ ሥዕል፣ በጥቂት ቃላት፣ ሙሉ ሂስ ተሰጠ ማለት ነው። ይህ የወጣቶች ድፍረት ብቻ ነው የሚል ካለ፣ ቶልኪን ራሱ በ1958 የጻፈውን ደብዳቤ ያንብብ። ከመጽሐፉ ፊልም ለመሥራት የቀረበለትን ረቂቅ ሲተች፣ ንስሮቹ አደገኛ መሣሪያ እንደሆኑ፣ እሱም በቁጥብነት እንደተጠቀመባቸው፣ ከዚያ በላይ ቢገፉ ተዓማኒነታቸው እንደሚያልቅ ጽፏል። ያ ደብዳቤ በመጽሐፍ መልክ ለአንባቢ የወጣው በ1981 ነው። ቢርድና ኬኒ በ1969 አላነበቡትም። ደራሲውን በጓዳው ያስጨነቀውን ነጥብ እነሱ መጽሐፉን ብቻ ይዘው ደረሱበት፤ ሳቁም የመጣው ከዚያ ነው።

መጽሐፉ እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። ብዙ ቀልዱ ዛሬ አይሠራም። በ1960ዎቹ አሜሪካ በቴሌቪዥን ይተዋወቁ የነበሩ ዕቃዎችን ስም የማያውቅ አንባቢ ግማሹን ገጽ ሳይስቅ ይገለብጠዋል። የብልግና ቀልዱ ይሰለቻል፤ በሰዎች ዘርና መልክ ላይ የተወረወሩት ቀልዶችም የሚያሳፍሩ ናቸው፤ ልከላከልላቸው አልሻም። ነገር ግን ምን ሞቶ ምን እንደተረፈ ልብ እንበል። ከጎረቤት ማስታወቂያ የተለቀመው አርጅቷል። የቶልኪንን አጻጻፍ መርምሮ የተገኘው፣ መቅድሙ፣ ካርታው፣ ንስሩ፣ ዛሬም ትኩስ ነው። ለፓሮዲ ዕድሜ የሚሰጠው ቀልደኛው ምን ያህል ተጫዋች መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ምን ያህል እንዳነበበም ነው።

አንዱ ተቃውሞ ከአክብሮት ይነሳል። ሰው የሚወደውን መጽሐፍ ማቃለል ፍቅሩን ይገድላል፣ በተለይም ልጆች በተመስጦ የሚያነቡትን ድርሰት መሳቂያ ማድረግ ምናባቸውን ያደርቃል ይባላል። ስጋቱን አልንቀውም፤ ከፍቅር የመጣ ነውና። ማስረጃው ግን በተቃራኒው ነው የሚመሰክረው። ጥንታዊውን ምሳሌ እንውሰድ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስፔን ውስጥ የተነበቡት የባላባት ጀብዱ መጻሕፍት የዘመናቸው ፋንታሲ ነበሩ፤ ግዙፋን፣ ጠንቋዮችና አስማተኛ ሰይፎች ሞልተውባቸዋል። በ1508 የታተመው «አማዲስ» ልጁን፣ ከዚያም ሌሎች ዘሮቹን እየተከተለ ቅጽ በቅጽ ቀጠለ። ሰርቫንቴስ በ1605 «ዶን ኪኾቴ»ን ያወጣው በዚህ ተከታታይ ጽሑፍ ላይ ለመሳቅ ነው። በመጽሐፉ መጀመሪያ አካባቢ አንድ ቄስና አንድ ፀጉር አስተካካይ የመጽሐፉን ጀግና የዶን ኪኾቴን መጻሕፍት ሊያቃጥሉ ቤተ መጻሕፍቱ ይገባሉ። ሁሉንም አያቃጥሉም። አንድ በአንድ እያነሱ ይፈርዳሉ። «አማዲስ» በዓይነቱ ምርጥ ነው ተብሎ ይተርፋል፤ የልጁን ታሪክ የያዘው ተከታዩ ቅጽ ግን የአባቱ ብቃት አያድነውም ተብሎ በመስኮት ወደ ግቢ ይወረወራል። የስፔንን ፋንታሲ የጠላ ሰው እንዲህ አይለይም። ሰርቫንቴስ የትኛው ቅጽ በምን እንደሚበልጥ የሚያውቀው እየወደደ ስላነበበ ነው፤ በተከታዮቹ የተናደደውም ስለዚሁ ነው። በቶልኪን ላይ የተሳቀው ሳቅም አንባቢ አላሳጣውም። ከ1969 ወዲህ አንባቢው እየበዛ ሄዷል እንጂ አልቀነሰም። ፓሮዲው ራሱ በሕይወት የቆየው የሚሳቅበት መጽሐፍ እየተነበበ በመቀጠሉ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፤ የሌብነት ክስ ነው። በሰው ላብ የተገነባን ዓለም ወስዶ መነገድ ምኑ ሂስ ነው ይላሉ ደራሲያን፤ መልስ ይገባቸዋል። የሐሪ ፖተር ዝና በገነነበት ጊዜ፣ በ2002፣ ሩሲያዊው ዲሚትሪ ዬሜትስ «ታንያ ግሮተር» የተሰኘ ተከታታይ ጀመረ። ወላጅ አልባ ልጅ፣ የምትበደልበት አሳዳጊ ቤተሰብ፣ የአስማት ትምህርት ቤት፣ በመጥረጊያ ፈንታ የሚበር ትልቅ የሙዚቃ መሣሪያ። በ2003 መጽሐፉ በሆላንድ ቋንቋ ሊታተም ሲል የሐሪ ፖተር ደራሲ የጄ. ኬ. ሮውሊንግ ወገን አምስተርዳም ላይ ከሰሰ፤ ፓሮዲ ነው የሚለው መከላከያ ተቀባይነት አጥቶ ኅትመቱ ታገደ። ዕግዱ ከባድ ነው ብዬ ባስብም፣ መጽሐፉ ፓሮዲ አይደለም የሚለውን ግን እቀበላለሁ። የታሪኩን አጽም ወደ ሩሲያ ተረትና ባህል አሻገረው፤ ስለ ሐሪ ፖተር ግን ያልታየ ነገር አላሳየንም። በ2002 ቤላሩስ ውስጥ አንድሬይ ዥቫሌቭስኪና ኢጎር ሚትኮ የጻፉት «ፖሪ ጋተር» ከዚህ ይለያል። እዚያ ጀግናው ከጠንቋዮች ዓለም የተወለደ፣ አስማት ግን የሌለው፣ ልቡ በቴክኒክ የተያዘ ልጅ ነው። ነገሩ ተገልብጦ ሲታይ፣ በሮውሊንግ መጻሕፍት ውስጥ ከዳር የተተወ ጥያቄ መሐል ይገባል፤ የተፈጥሮ ተሰጥዎ ሁሉ ነገር በሆነበት ማኅበረሰብ ተሰጥዎ የሌለው ልጅ ምን ይሆናል? ሮውሊንግ ይህን ዕጣ ለትምህርት ቤቱ ጠባቂ ለፊልች ሰጥታ፣ አብዛኛውን ጊዜ መሳቂያ አድርጋው ታልፋለች። ልዩነቱ የተወሰደው ነገር መጠን ላይ አይደለም፤ ሁለቱም ብዙ ወስደዋል። ልዩነቱ ከተወሰደው ነገር አንባቢ ስለ ዋናው መጽሐፍ ምን ተማረ በሚለው ላይ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1994 በአንድ የዘፈን ክርክር ላይ የሰጠው ውሳኔም ወደዚህ ያዘነብላል። ፓሮዲ ለንግድ የተሠራ ቢሆንም ፍትሐዊ አጠቃቀም ሊሆን ይችላል አለ፤ ነገር ግን የሚሳለቀው በራሱ በተወሰደው ሥራ ላይ መሆን አለበት። ሂስ የአንድን ሥራ ገበያ ቢያቀዘቅዝ እንኳ በሕግ የሚካስ ጉዳት አይደለም ማለቱ ደግሞ ለደራሲያን መራራ ቢሆንም ትክክል ነው። ጥሩ ሂስ ጸሐፊን የሚከስ የለምና።

ፓሮዲ መካን ነው፣ በሌላው ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል እንጂ የራሱ የሆነ ነገር አይወልድም የሚሉም አሉ። ለእነዚህ ቴሪ ፕራቼትን መጥቀስ ይበቃል። በ1983 የጀመረው «ዲስክወርልድ» በመጀመሪያው መጽሐፍ የፍሪትዝ ሊበርን ጀብደኞችና የአን መካፍሪን ዘንዶዎች እያስመሰለ ያስቅ ነበር። ፕራቼት በ2015 ሲሞት ግን በመጨረሻ 41 ልብወለዶች የተጻፉበት ይህ ዓለም የራሱ ፖሊስ፣ ባንክና ጋዜጣ ያለው፣ ስለ ፍትሕና ስለ ሞት የሚያስብ ሙሉ ዓለም ሆኖ ነበር።

ዳያና ዊን ጆንስ ግን ዘርዘር ያለ ቦታ ይገባታል። ኦክስፎርድ ተምራ የቶልኪንን ትምህርት በአካል ተከታትላለች፤ ራሷም ስመ ጥር የፋንታሲ ደራሲ ነበረች። በ1996 ያወጣችው መጽሐፍ የፋንታሲን ዓለም እንደ አገር ቆጥሮ ለቱሪስት የተዘጋጀ መመሪያ ነው። መጽሐፉን ስትከፍት ካርታ ታገኛለህ፤ በካርታው ላይ የተጻፈውን ቦታ ሁሉ ሳትረግጥ ጉዞህ አያልቅም ትላለች። ፈረሶቹ ቀኑን ሙሉ ጋልበው አይደክሙም። ምግቡ ሁልጊዜ ወጥ ነው፤ ወፍራም የሥጋ ወጥ። ጠላት እያሳደዳቸው፣ ዝናብ እየደበደባቸው፣ ጀግኖቹ በየማታው ወጥ ይሠራሉ። ወጥ የሠራ ሰው ሁሉ ነጥቡን ወዲያው ይረዳል፤ ወጥ ሰዓት ይፈልጋል። ስደተኛ የሚበላው እሳት ዳር ቶሎ የሚጠበስ ነገር ነው። ደራሲዎቹ ወጥን የመረጡት ረሃብን አስበው ሳይሆን፣ ከእነሱ በፊት የጻፈው ስለጻፈው ነው። ስለ ልማዳዊ አጻጻፍ የተጻፈ ረጅም ጥናት ከዚህ የወጥ ትዝብት ይልቅ ያሳምናል ብዬ አላስብም።

ጆንስ በዚያ አላቆመችም። ያንን መመሪያ መነሻ አድርጋ በ1998 «የደርክሆልም ጨለማ ጌታ» የተሰኘ ልብወለድ ጻፈች። በዚያ ታሪክ ውስጥ ከሌላ ዓለም የመጣ ነጋዴ አስማት ወዳለበት አገር በየዓመቱ ጎብኚ ይልካል፤ ጎብኚዎቹም ክፉውን የጨለማ ጌታ ድል ማድረግ ይፈልጋሉ። ስለዚህ አገሬው በየዓመቱ መንደሩን ማስዘረፍ፣ ማሳውን ማስረገጥ፣ ልጆቹን ለጦር ሜዳ ትርኢት መስጠት ግዴታው ነው። የጨለማ ጌታ እንዲሆን የተመደበው ደርክ ደግሞ እንስሳት ማራባት የሚወድ፣ ክፋት የማይሆንለት የቤተሰብ አባወራ ነው። መጽሐፉ ገና ከመነሻው ያስቃል፤ ግን ገበሬው ተቃጥሎ የቀረውን እርሻውን ሲቆጥር አንባቢው መሳቁን ትቶ ማሰብ ይጀምራል። ጀግናው ሠራዊት እየመራ ባለፈበት ሁሉ የሚቀረው የማን እርሻ ነበር የሚለውን ጥያቄ ያለ ፓሮዲው ብዙዎቻችን አናነሳውም ነበር፤ እነዚያን ታሪኮች በፍቅር ያነበብነው ጭምር።