«አልጭንም» የሚለው ሊኑክስ ምን እያለን ነው?

ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ሌላ ዴስክቶፕ ለመጨመር የሞከረ ተማሪ አንድ የታወቀ መልስ ሳይገጥመው አይቀርም፤ የሚያስፈልጉት ጥቅሎች አልተሟሉምና አልጭንም የሚል። በዚህን ጊዜ ብዙው ሰው ወይ ሥርዓቱን በሙሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ይጭናል፣ ወይ በግድ የሚያስጭን ትእዛዝ ከአንድ ቦታ ገልብጦ ይጽፋል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ጎጂ ልማዶች ናቸው። የመጀመሪያው የሴሚስተር ሥራን ይዞ ሊጠፋ ይችላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ጤነኛውን ሥርዓት ያፈርሳል።

ነገሩን ከመሠረቱ እንመልከተው። እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረው ኬዲኢም ሆነ በ1997 የተከተለው ግኖም አንድ ወጥ ፕሮግራም አይደሉም። መስኮቶችን የሚያስተዳድሩ፣ የመግቢያውን ገጽ የሚያሳዩ፣ ድምፅንና ኔትወርክን የሚቆጣጠሩ የብዙ ጥቅሎች ስብስብ ናቸው። እያንዳንዱ ጥቅል «እኔ እንድሠራ እገሌ ያስፈልገኛል፣ ያውም ከዚህ ቁጥር ያላነሰ» ወይም «ከእገሌ ጋር አብሬ አልኖርም» የሚል መግለጫ ይዞ ይመጣል። በደቢያንና በኡቡንቱ ይህን አንብቦ የሚያስታርቀው አፕት ነው። ከሥሩ ያለው ዲፒኬጂ ግን የጎደለውን ከመናገር በቀር ፈልጎ አያመጣም። ኢንተርኔት እንደ ልብ በማይገኝበት ቦታ አንድ ጥቅል ብቻውን በፍላሽ አምጥቶ በዲፒኬጂ መጫን የሚያስቸግረው ለዚህ ነው፤ ጥቅሉ ተፈትቶ ሳይዋቀር ይቀራል፣ አፕትም ይህ እስኪስተካከል ድረስ ሌላ ነገር መጫን እምቢ ይላል።

የማስታረቁ ሥራ ቀላል እንዳይመስለን። እያንዳንዱን ጥቅል «ይጫን» ወይም «አይጫን» ብንለው፣ ጥያቄው እ.ኤ.አ. በ1971 ስቲቨን ኩክ አስቸጋሪነቱን ካሳየው የሎጂክ ጥያቄ ጋር አንድ ይሆናል፦ ሁሉንም ሁኔታዎች በአንድነት የሚያረካ ምርጫ አለን? እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራማሪዎች የጥቅሎች ጥያቄ ከዚሁ አስቸጋሪ ወገን መሆኑን አረጋግጠዋል። በተግባር ግን ጥሩ ፈቺዎች አሉ። ኦፕን ሱዜ በ2008 በዚህ ሎጂክ የሚሠራ ፈቺ ይዞ ወጥቷል፤ በ2025 የወጣው አፕት 3.0ም አዲስ ፈቺ አለው። እንግዲህ በክፍል ውስጥ «ለምን ይጠቅመናል?» የሚባለው ሎጂክ ዴስክቶፕ በጫንን ቁጥር እየሠራልን ነው።

ታዲያ ጠቡ ከየት ይመጣል? አብዛኛውን ጊዜ ከባዕድ ማከማቻ ነው። ለአዲስ እትም የተዘጋጀ ማከማቻ በቆየ እትም ላይ ሲጨመር አንድ ላይብረሪ ከሥርዓቱ ቀድሞ ይሄዳል፤ የምንጭነው ዴስክቶፕ ደግሞ የቀድሞውን ቁጥር በትክክል ይጠይቃል። እዚህ ላይ ማስገደድ መፍትሔ አይሆንም። «አፕት ፖሊሲ» የሚለው ትእዛዝ ጥቅሉ ከየትኛው ማከማቻ እንደመጣ ያሳያል። ባዕዱን ማከማቻ ዘግቶ ላይብረሪውን ወደ ሥርዓቱ ቁጥር መመለስ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ከዚያም በፊት «ሲሙሌት» የተባለውን አማራጭ ጨምሮ መሞከር ምንም ሳይነካ የሚጫነውንና የሚጠፋውን ይዘረዝራል፤ የሚጠፋው ረዥም ከሆነ መቆም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 የካናዳው የቪዲዮ አዘጋጅ ሊነስ ሴባስቲያን በፖፕ ኦኤስ ላይ ስቲምን ሲጭን አፕት ዴስክቶፑን ጭምር እንደሚያጠፋ አስጠንቅቆት ነበር። እሱ ግን «አዎን፣ ያልኩህን አድርግ» የሚለውን ማረጋገጫ ጽፎ ቀጠለ፤ የቀረለትም የጽሑፍ ገጽ ብቻ ነበር። ብዙዎች ሳቁበት። እኛ አንስቅም፤ ጥፋቱ የጥቅሉ አዘጋጆችም ነበር፣ ማስጠንቀቂያውም በረዥም የስም ዝርዝር ውስጥ ተቀብሮ ነበርና። አፕት 3.0 የሚጠፉትን በቀይ ቀለም ለይቶ ማሳየቱ ዘግይቶም ቢሆን የሚመሰገን ነው።

ስለዚህ የኦፕሬቲንግ ሲስተም ትምህርት ይህን መልስ ማንበብን በአንድ የላብራቶሪ ክፍለ ጊዜ እንዲያስተምር እንጠይቃለን። አዲስ ኮምፒዩተር አያስፈልገውም። በቨርቹዋል ማሽን ላይ ግኖም ባለበት ኤክስኤፍሲኢን መጫን፣ ሆን ብሎ ባዕድ ማከማቻ መጨመር፣ ከዚያም ተማሪው የተፈጠረውን ጠብ ከወረቀት ላይ በሎጂክ ጽፎ እንዲፈታው ማድረግ ይቻላል።