የታመመ አብራሪ ሕመሙን ስለምን ይደብቃል?

አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት ሞተሩ፣ ክንፉ፣ ጎማውና የነዳጁ መጠን በሚገባ ይመረመራል። መሪውን የሚይዘው ሰው ግን እንደ ሞተር ተከፍቶ የሚታይ አይደለም። ሐኪም በየጊዜው የልቡን ትርታና የዓይኑን ብርሃን ይመረምራል፤ በልቡ የያዘውን ጭንቀት ወይም ማታ ማታ ብቻውን የሚጠጣውን መጠጥ ግን ራሱ ካልተናገረ በቀላሉ አይደርስበትም። ስለዚህ የበረራ ደኅንነት በአመዛኙ የተመሠረተው አብራሪው ስለ ራሱ እውነቱን በመናገሩ ላይ ነው። እውነቱን የሚናገር ሰው እንጀራውን የሚያጣ ከሆነ ደግሞ ብዙዎች ዝም ማለትን ይመርጣሉ።

መጋቢት 15 ቀን 2007 ዓ.ም. ከባርሴሎና ወደ ዱሴልዶርፍ ይበር የነበረ የጀርመንዊንግስ አውሮፕላን በፈረንሣይ የአልፕስ ተራሮች ላይ ተከስክሶ 150 ሰዎች አለቁ። ዋናው አብራሪ ለጥቂት ጊዜ ከክፍሉ ሲወጣ ረዳቱ በሩን ከውስጥ ቆልፎ፣ ሆን ብሎ አውሮፕላኑን ከተራራ ጋር አላተመው። በኋላ በተደረገው ምርመራ ረዳት አብራሪው የአእምሮ ሕመምተኛ እንደነበረ፣ ሐኪሞችም ከሥራ እንዲያርፍ ወረቀት ጽፈውለት ሳለ ከአሠሪዎቹ እንደደበቀው ታወቀ። ሐኪሞቹ ደግሞ የበሽተኛን ምስጢር የሚጠብቀውን ሕግ በመፍራት ለአየር መንገዱ አልተናገሩም። ለዚህ ሰው ድርጊት ምክንያት መፈለግ አይገባም። ይሁን እንጂ የፈረንሣይ መርማሪዎች የበረራ ፈቃድንና ገቢን የማጣት ፍርሃት አብራሪዎች ሕመማቸውን እንዳይናገሩ እንደሚያደርግ በዘገባቸው ገልጸዋል።

በመጠጥም ረገድ ነገሩ ያው ነው። በ1982 ዓ.ም. በአሜሪካ የኖርዝዌስት አየር መንገድ ሦስት የበረራ ሠራተኞች ሲጠጡ አምሽተው፣ በማግሥቱ ጧት መንገደኞችን ይዘው ከፋርጎ ወደ ሚኒያፖሊስ በረሩ። በሰላም ቢያርፉም ወዲያው ተያዙ፤ ተፈርዶባቸውም ታሰሩ። ቅጣቱ ተገቢ ነበር። ዋናው አብራሪ ላይል ፕራውስ ግን መጠጥን እርም ብለው፣ የተነጠቁትን ፈቃድ እንደ አዲስ ተፈትነው በማግኘት፣ ወደዚያው አየር መንገድ ተመልሰው እስከ ጡረታቸው ድረስ አበረሩ። በ1993 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ክሊንተን ምሕረት አደረጉላቸው።

ይህ የአንድ ሰው ዕድል ብቻ አልነበረም። የአሜሪካ አብራሪዎች ማኅበር በ1960ዎቹ ዓመታት ሂምስ የተባለ ፕሮግራም አስጀምሮ ነበር። በዚህ ፕሮግራም በሱስ የተያዘ አብራሪ ከበረራ ይታገዳል፤ ይታከማል፤ ከዳነ በኋላም ሐኪሙ፣ አለቃውና ባልደረቦቹ ለዓመታት እየተከታተሉት፣ በድንገትም እየተመረመረ ወደ ሥራው ይመለሳል። በሺህ የሚቆጠሩ አብራሪዎች በዚህ መንገድ ተመልሰዋል።

«አንድ ጊዜ የሰከረ አብራሪ ከእንግዲህ መንገደኛ ይዞ መብረር የለበትም» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ልጁን የሚያሳፍር ወላጅ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ያ ወላጅ ከሁለት አብራሪዎች አንዱን ምረጥ ቢባል፣ ሕመሙ ታውቆ በየጊዜው የሚመረመረውን ነው ወይስ «ምንም የለብኝም» ብሎ የሚፈርመውን? ስለዚህ አየር መንገዶች በሕክምና ላይ ላለ አብራሪ ደመወዙን ሊከፍሉ፣ ሕግም ሐኪሙ ከባድ አደጋ ሲያይ ለሚመለከተው ባለሥልጣን ያለ ፍርሃት እንዲናገር ሊፈቅድለት ይገባል።