የእንቡጡ ዘበኛ

መጋቢት 26 ቀን ጸደይ ይገባል። ያን ጊዜ በዓባይ ሸለቆ አፋፍ ባለችው በደጀን ባለጓሮው ማልዶ ተነሥቶ የጽጌረዳውን እንቡጥ ይቈጥራል፤ ገና ያልተከፈተውንም በትዕግሥት ይጠብቃል። ይኸው ሰው ማታ ጉጉት በወይራው ላይ ስትጮኽ ቢሰማ ግን፥ «ሞት ጠራችብኝ» ብሎ ድንጋይ ያነሣል።

ልጆች ሆይ፤ ይህ ፍርድ ለእኔ ቅን አይመስለኝም። ጉጉት ጓደኛዋን ትጠራለች እንጂ ሞትን አትጠራም። ሰው ሲተኛ እርሷ ነቅታ፥ የጎተራውን እህልና የጓሮውን ችግኝ የሚያጠፋውን አይጥ ታድናለች። አጥንቱንና ጠጕሩን ጠቅልላ ትተፋለችና፥ ከማደሪያዋ በታች የወደቀው ምስክሯ ነው።

የሚያጠፋትም ድንጋይ ብቻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ጎጆ አትሠራምና፥ በእርጅና የተቦረቦረው ዛፍ ሲቈረጥ ቤቷ ፈረሰ። መርዝ የበላውን አይጥ ስትበላም መርዙ ለእርሷ ይተርፋል። ከወገኖቿ አንዱን የፈረንሳይ ሊቅ በ1843 ዓመት፥ በፈረንጆች አቈጣጠር፥ በሐበሻ ስም ሰይሞታል፤ እኛ ግን በስማችን የተጠራውን እናሳድዳለን።

ስለዚህ አይጡን በወጥመድ እንያዝ፤ የደብሩን አሮጌ ዛፍ እንጠብቅ። እንቡጡን የሚወድ ሰው የእንቡጡን ዘበኛ አይግደል።